የጥይት ፍጥነት እንዴት ይለካል? የክሮኖግራፍ አተካከልና አጠቃቀም

በሰከንድ 800 ሜትር የሚከንፍ አረር 60 ሳንቲሜትር አቋርጦ ለማለፍ አንድ ሺህኛ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ሲሰላ 0.75 ሚሊሰከንድ ነው። ክሮኖግራፍ የሚባለው መሣሪያ ሥራው ይህችን ቅጽበት መቁጠር ነው። አረሩ በአንደኛው ነጥብ ሲያልፍ ቆጠራ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ሲያልፍ ያቆማል፤ ከዚያም በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ለቆጠረው ጊዜ አካፍሎ ፍጥነቱን በማሳያው ላይ ያሳያል። እንግዲህ መሣሪያው በራሱ የሚያውቀው ጊዜን ብቻ ነው። ርቀቱን የሚያገኘው እኛ በተከልንለት ልክ ነው፤ አረሩ ማለፉን የሚያውቀውም ብርሃኑ ሲፈቅድለት ነው። የሚወጣው ቁጥር ቁርጥ ያለ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ይቀበለዋል። እኔ ግን ቁጥሩን ከማመን በፊት አተካከሉን መመርመር ይቀድማል ባይ ነኝ።

ፍጥነቱን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? አረር ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ መሬት ይስበዋል። ኢላማው ዘንድ ቶሎ ከደረሰ ጥቂት ይወርዳል፣ ከዘገየ ብዙ ይወርዳል። በአሜሪካ አዳኞችና የኢላማ ተኳሾች በሰፊው የሚጠቀሙበትን የ.308 ጥይት እንውሰድ። ሁለት ጥይቶች በሰከንድ 15 ሜትር ያህል ቢበላለጡ 100 ሜትር ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። 550 ሜትር ላይ ግን ዘገምተኛው ከፈጣኑ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል። ለአዳኝ ይህ ልዩነት እንስሳውን በአንድ ጥይት መጣል ወይም አቁስሎ መስደድ ሊሆን ይችላል። በጥይቱ ካርቶን ላይ የታተመውን ፍጥነት አንብቦ መርካትም አይበቃም፤ ያ ቁጥር ፋብሪካው በራሱ መሞከሪያ ቱቦ ያገኘው ነው። የተኳሹ ጠመንጃ ቱቦ ከዚያ ካጠረ ፍጥነቱም አብሮ ይቀንሳል።

በእንግሊዝ ደግሞ ጉዳዩ ከሕግ ጋር ይገናኛል። የአየር ጠመንጃ ኃይሉ ከ12 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ከ16.27 ጁል በላይ ከሆነ እንደ ማንኛውም ጠመንጃ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ኃይልን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ ስለሌለ የአረሩ ክብደት ይመዘናል፣ ፍጥነቱ በክሮኖግራፍ ይለካል፣ ከዚያ ይሰላል፤ የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ይባዛል። 0.51 ግራም የምትመዝን ፍሬ በሰከንድ 250 ሜትር ከወጣች 15.9 ጁል ትሸከማለች፤ ይህ በሕግ የተፈቀደ ነው። በ255 ሜትር ከወጣች ግን 16.6 ጁል ገደማ ይሆንና ባለቤቱ ያለ ፈቃድ መሣሪያ የያዘ ሰው ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት 2 በመቶ ብቻ ነው። በግዴለሽነት የተተከለ ክሮኖግራፍ ደግሞ 2 በመቶ መሳሳት አያቅተውም።

በውድድር ሜዳም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ኮንፌዴሬሽን፣ በምሕጻሩ አይፒኤስሲ፣ በሚመራቸው የሽጉጥ ውድድሮች ዳኞች ከተወዳዳሪው ጥይት ወስደው አረሩን ይመዝናሉ፣ በተወዳዳሪው በራሱ ሽጉጥ ተኩሰው ፍጥነቱን ይለካሉ። በግሬን የተለካው ክብደት በሰከንድ በፉት በተለካው ፍጥነት ተባዝቶ ለ1000 ይካፈላል። ውጤቱ ቢያንስ 125 መሆን አለበት። 124 ግሬን የሚመዝን አረር በሰከንድ 1050 ፉት ከወጣ 130.2 ይሆንና ያልፋል። ከ125 በታች ከወረደ ተወዳዳሪው ውድድሩን ቢጨርስም ነጥቡ አይያዝለትም። ይህ ሕግ የተበጀበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ደካማ ጥይት ሽጉጡን ብዙም ስለማያስፈነጥር እሱን የያዘ ሰው ቶሎ ቶሎ መተኮስ ይቀለዋል።

የጥይትን ፍጥነት የመለካት ሐሳብ ከኤሌክትሪክም በፊት የነበረ ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ የመለኪያ ዘዴውን ገለጸ። ከባድ እንጨት ከላይ አንጠልጥሎ ይተኩስበታል፤ አረሩ ሲሰካበት እንጨቱ ወደ ኋላ ይወዛወዛል፣ ከሥሩ የታሰረው ጥብጣብም ምን ያህል እንደሄደ ያሳያል። ለምሳሌ በሰከንድ 500 ሜትር የሚሄድ 10 ግራም አረር፣ በ2 ሜትር ገመድ የተንጠለጠለ 25 ኪሎ እንጨት ቢመታ እንጨቱን 9 ሳንቲሜትር ያህል ይገፋዋል። ያን በማስመሪያ ለክቶ ወደ ፍጥነት መመለስ ይቻላል። ሮቢንስ በዚህ ዘዴ አየር አረርን የሚጎትትበት ኃይል ከአረሩ ክብደት ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ሲያሳይ በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት ተደነቁ። ታላቁ ሌዎናርድ ኦይለርም እ.ኤ.አ. በ1745 መጽሐፉን ብዙ ማብራሪያ ጨምሮበት ወደ ጀርመንኛ መለሰው።

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ቤልጂጋዊው የመድፈኛ መኮንን ሌ ቡላንዤ ቴሌግራፍ ያስለመደውን ኤሌክትሪክ ለዚህ ሥራ አዋለው። ሁለት የሽቦ መረቦች በአረሩ መንገድ ላይ ይዘረጋሉ። አረሩ የመጀመሪያውን ሽቦ ሲበጥስ በማግኔት ተይዞ የነበረ ረጅም ዘንግ ይለቀቅና መውደቅ ይጀምራል፤ ሁለተኛውን ሲበጥስ ሌላ አጭር ዘንግ ወድቆ ቢላ ይለቅና በሚወድቀው ረጅም ዘንግ ላይ ምልክት ይጭራል። የመሣሪያው የራሱ መዘግየት አስቀድሞ ተለክቶ ይቀነሳል። ለምሳሌ በዓድዋ የኢትዮጵያ ጦር ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ የነበረው ውጅግራ 25 ግራም የሚመዝን አረሩን በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወረውር ነበር። ሁለቱ መረቦች በ50 ሜትር ቢራራቁ አረሩ በመካከላቸው ሲያልፍ ዘንጉ የሚወድቀው 6 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ያን የመሰለ ጥራት በብረትና በሽቦ ብቻ መገኘቱ ዛሬም ያስገርመኛል።

ዛሬ በብዙ ተኳሽ እጅ የሚገኘው ርካሹና የተለመደው ዓይነት በብርሃን የሚሠራው ነው። ሁለት ብርሃን የሚያዩ ሴንሰሮች በአንድ ዘንግ ወይም ሳጥን ላይ ወደ ሰማይ ተመልክተው ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሳንቲሜትር ይሆናል። አረሩ ከላያቸው ሲያልፍ ጥላውን ለቅጽበት ይጥልባቸዋል፣ የብርሃኑ መቀነስም ሰዓቱን ያስነሳዋል። ከእያንዳንዱ ሴንሰር በላይ በቀጫጭን ዘንጎች የተደገፈ ነጭ ፕላስቲክ አለ፤ ሥራው ብርሃኑን አለዝቦ ወጥ ማድረግ ነው። በዘንጎቹና በፕላስቲኩ የተከበበው ባዶ ቦታ አረሩ የሚያልፍበት መስኮት ይሆናል።

አተካከሉ የሚጀምረው ከአፈሙዝ ባለው ርቀት ነው። መሣሪያው በጣም ከቀረበ ከአፈሙዝ የሚወጣው የጋዝ ግፊት፣ ብልጭታና ያልተቃጠለ የባሩድ ብናኝ የመጀመሪያውን ሴንሰር ያታልለዋል። ከድምፅ በታች በሚሄዱ ጥይቶች ደግሞ የተኩሱ ድምፅ አረሩን ቀድሞ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ቁጥር አንዴ እጅግ ከፍ፣ አንዴ እጅግ ዝቅ ያለ ይሆናል፤ አንዳንዴም መሣሪያው ምንም ሳያነብ ይቀራል። ለሽጉጥ 3 ሜትር፣ ለጠመንጃ ከ4 እስከ 5 ሜትር ማራቅ ጥሩ ነው። ርቀቱ ይጻፍ፣ ሁልጊዜም አንድ ይሁን። አረሩ እስኪደርስ በየሜትሩ ጥቂት ፍጥነት ያጣልና፤ የ.308 አረር በየሜትሩ በሰከንድ 0.7 ሜትር ገደማ ስለሚቀንስ በ4 ሜትር ላይ የተነበበው ቁጥር ከአፈሙዙ ፍጥነት በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ማቆሚያው ነው። ሦስት እግር ያለው ጠንካራ የካሜራ ማቆሚያ ይበቃል፤ ነፋስ ካለ ከእግሮቹ መሃል የአሸዋ ከረጢት ማንጠልጠል ይረዳል። ሳጥኑ ከአረሩ መንገድ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። አፍንጫው በ5 ዲግሪ ቀና ወይም ደፋ ቢል አረሩ በሁለቱ ሴንሰሮች መካከል የሚጓዘው መንገድ ይረዝማልና ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ጎድሎ ይነበባል። ተጣጥፎ በሚከፈት መሣሪያ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። መታጠፊያው ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ከቀረና ሴንሰሮቹ 2 ሚሊሜትር ብቻ ቢቀራረቡ ቁጥሩ አንድ ሦስተኛ በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የአየር ጠመንጃው ሕግ ጠርዝ ላይ ለቆመ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ብዙ ክሮኖግራፍ የተሰበረበትን ምክንያት ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ። የጠመንጃ መነጽር ከቱቦው በላይ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ተኳሹ በመነጽሩ ሲያይ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ኢላማው መሃል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አረሩ ግን የሚወጣው ከመነጽሩ ሳይሆን ከሥሩ ካለው ቱቦ ነው፤ በ4 ሜትር ላይም ከዕይታው መስመር በታች ነው የሚያልፈው። በመነጽር «ከሳጥኑ ትንሽ ከፍ ብያለሁ» ያለ ሰው ሳጥኑን በጥይት ሲበሳው ይገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ፣ መዝጊያው ወጥቶ፣ በማረፊያው ላይ እንደተደገፈ ከኋላ በቱቦው ውስጥ ማየት። በቱቦው ቀዳዳ ኢላማውም የሁለቱ መስኮቶች መሃልም አብረው መታየት አለባቸው። አረሩ ከሴንሰሮቹ በላይ ከ10 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ቢያልፍ ደህና ነው። በሁለቱም መስኮት ዘንጎች ላይ በዚያው ከፍታ ባለ ቀለም ፕላስተር መለጠፍ ደግሞ ለዓይን ምልክት ይሆናል። ዘንጎቹ የብረት ከሆኑ በቀጭን እንጨት ወይም በፕላስቲክ ቢተኩ ይመረጣል፤ እንጨት ቢመታ ይሰበራል እንጂ አረሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ የማስፈንጠር ዕድሉ አነስተኛ ነው።

መሣሪያው ከተኩስ መስመሩ ፊት ለፊት ስለሚቆም ለመትከልም ሆነ ለማስተካከል መሄድ የሚቻለው ተኩስ ቆሞ፣ መሣሪያዎች ሁሉ ባዶ ሆነው፣ የሜዳው ተቆጣጣሪ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ቁጥሩን የሚያሳየው ክፍል በሽቦ ተለይቶ ከተኳሹ አጠገብ የሚቀመጥበት ዓይነት ከዚህ አንጻር ይመረጣል፤ በየተኩሱ ወደ ፊት መመላለስ ያስቀራል። እዚህ የምናወራው የስፖርት ተኩስና አደን በሕግ ስለሚፈቀድባቸው ሜዳዎች ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ክሮኖግራፍ መያዝም ከዚህ ሕግ ነፃ አያወጣም።

ብርሃን የዚህ መሣሪያ ሕይወትም በሽታም ነው። ምርጡ ቀን ሰማዩ በስስ ደመና ወጥ ሆኖ የተሸፈነበት ነው፤ በዚያ ቀን ነጩን ፕላስቲክ ማንሳትም ይቻላል። ጠራራ ፀሐይ ሲሆን ግን ፕላስቲኩ ግድ ነው። ጧትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ስትል ጨረሯ በጎን ገብቶ ሴንሰሩን ያሳውረዋል፤ ወይም ከሥር በኩል የአረሩን አብረቅራቂ መዳብ ያበራውና ጥላ መሆን የነበረበትን ብልጭታ ያደርገዋል። አንዳንድ ተኳሾች የአረሩን ጫፍ በጥቁር እስክሪብቶ የሚቀቡት ለዚህ ነው፤ ይሠራልም። በቤት ውስጥ ሜዳ ችግሩ ሌላ ነው። ከመብራት ኃይል የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ የሸምበቆ መብራት በዚያ እጥፍ ይርገበገባል። ዓይናችን አያስተውለውም፣ ሴንሰሩ ግን እያንዳንዱን መርገብገብ አረር ያለፈ ይመስለዋል። ለቤት ውስጥ የማይርገበገብ የራሱ መብራት ያለው መሣሪያ ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ መውጣት ሲጀምሩ ማንበቡ ሌላ ጥበብ ነው። እንበልና አምስት ጥይት ተተኩሶ 796፣ 803፣ 799፣ 808 እና 794 ተነበበ። አማካዩ 800 ነው። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ርቀት 14፣ የስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ልክ ደግሞ 5.6 ይሆናል። ተኳሾች በዚህ የመጨረሻ ቁጥር ይመካሉ፤ ጥይታቸው ምን ያህል ወጥ እንደሆነ ይነግረናል ይላሉ። በአምስት ጥይት ግን ብዙ አይነግርም። በስታቲስቲክስ ሕግ፣ ከአምስት ጥይት የተገኘ 5.6 እውነተኛው ዋጋ ከ3.4 እስከ 16 የትም ሊሆን እንደሚችል ነው የሚያሳየው። ሃያ ጥይት ከተተኮሰ ክልሉ ጠቦ ከ4.3 እስከ 8.2 ይሆናል። ስለዚህ «ይኼኛው ጥይት 5 ነው፣ ያኛው 8 ነው» ብሎ በአምስት አምስት ተኩስ አንዱን መጣል ጥሩ ጥይት ያለ በደሉ መኮነን ነው። ለአማካዩ ግን አሥር ጥይት በቂ መነሻ ይሆናል። ከሁሉም በጣም የራቀ አንድ ቁጥር ሲመጣ ጥይቱን ከመክሰስ በፊት ደመና አልፎ እንደሆነ ሰማዩን ማየት ይበጃል።

አሜሪካዊው ኬን ኦለር የሠራቸው ክሮኖግራፎች ይህን ጥርጣሬ የሚያቀልሉበት ብልህ መላ ነበራቸው፤ በሁለት ፈንታ ሦስት ሴንሰር መደርደር። ያኔ አንድ አረር ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ሁለቱ ውጤቶች ካልተስማሙ መሣሪያው ራሱ ምልክት ይሰጣል። አንድ ሰው ቁጥሩንም የቁጥሩንም ምስክር አብሮ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ርካሽ መሣሪያዎች ይህን አለማካተታቸው ያሳዝነኛል።

ብርሃን ላይ የማይመኩም አሉ። ማግኔቶስፒድ የሚባለው በአፈሙዙ ሥር ይታሰርና የሚያልፈውን ብረት በማግኔት ኃይል ያስተውላል። ደመናም ሌሊትም አይገደውም። ነገር ግን ቱቦው ላይ ክብደት ስለሚጨምር ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ይቀይረዋል፤ ስለዚህ ፍጥነት በሚለካበት ሰዓት የኢላማ ትክክለኛነትን አብሮ መፈተን አይቻልም። ላብራዳርና እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የጋርሚን ዜሮ ደግሞ ራዳር ናቸው። የሚሠሩት የትራፊክ ፖሊስ የመኪና ፍጥነት በሚይዝበት መንገድ ነው። በ24 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይልካሉ፣ ከአረሩ ነጥሮ የተመለሰውን ይቀበላሉ፤ በሰከንድ 800 ሜትር ከሚርቅ አረር የተመለሰው ሞገድ በ128 ኪሎኸርዝ ያህል ዝቅ ብሎ ይመጣል፣ ፍጥነቱም ከዚያ ይሰላል። ጠመንጃው አጠገብ ስለሚቀመጡ በጥይት የመመታት ስጋት የላቸውም፣ ወደ ፊት መመላለስም የለም። ገንዘቡ ላለው የምመክረው ይህን ነው። ቢሆንም አቅጣጫቸው ወደ ኢላማው በትክክል መዞር አለበት፣ በአጠገብ ያለ ሰው ሲተኩስም የእሱን አረር እንዳያነቡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የቱም ዓይነት ቢሆን ከቁጥሩ ጋር የሚጻፍ ነገር አለ፤ የአየሩ ሙቀት፣ የጥይቱ ዓይነትና የምርት ቁጥር፣ የቱቦው ርዝመት፣ ከአፈሙዝ ያለው ርቀት። ባሩድ ሲሞቅ በብዛት ፈጥኖ ይነድዳልና በመኪና ውስጥ ፀሐይ የመታው ካርቶን ጥላ ሥር ከዋለው የተለየ ፍጥነት ይሰጣል። መሣሪያውን ራሱን ለመፈተን ደግሞ የታመነ መንገድ አለ። ጥሩ ጥራት ያለው የ.22 ጥይት ካርቶን ይገዛና ለዚህ ብቻ ይቀመጣል። በየጊዜው ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከእሱ ጥቂት በዚያው ጠመንጃ ይተኮሳል፣ አማካዩም ካለፈው መዝገብ ጋር ይተያያል። ልዩነቱ የሙቀት ለውጥ ከሚያመጣው ካለፈ መጀመሪያ ማቆሚያው፣ መታጠፊያው፣ ባትሪውና ብርሃኑ በየተራ ይፈተሻሉ፤ የ.22ቷ ቁጥር ወደ ቦታዋ እስክትመለስ ድረስም ዋናው ጥይት ከካርቶኑ አይወጣም።